ወፍራም ፊደል ከየኔታ እጅ

መሐል ሜዳ ውስጥ ወፍራም ፊደል የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር አለኝ፤ ትልልቁን ባነር ደብረ ብርሃን ልኬ አሳትማለሁ። ሠርግ ይሁን፣ ምርቃት ይሁን፣ ሐዘን ይሁን፣ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ወፈር አድርገው፣ ከመኪና ላይ ይታይ።» ለሙሽራም ለሟችም ያንኑ ፊደል ሳወፍር ስንት ዓመት እንደሆነኝ መቁጠር ትቻለሁ። ደክሞኛል። ወገቤም ዓይኔም ደክሟል።

ያደከመኝ ሥራው ብቻ አይደለም፤ ፊደሉ ራሱ ነው። ኮምፒውተር አወፍር ሲሉት ሁሉንም እኩል ያወፍራል። ቀጭን መሆን ያለበት መጋጠሚያ ከእግሩ እኩል ይደነድናል፣ የ«መ» ሆድ ይደፈናል። ያ ያበጠ እንጂ የወፈረ ፊደል አይደለም። ይህን የማውቀው በልጅነቴ ዘመሮ አካባቢ ካለ ደብር ሁለት ዓመት ቁም ጽሕፈት ስለተማርኩ ነው። ብራና ላይ በመቃ ብርዕ የሚጻፍ ፊደል እግሩ ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን ነው፤ መሬት ሲረግጥ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ይላል። ቢያተልቁትም ይተነፍሳል። ትምህርቱን ጥዬ ወደ ከተማ ስወጣ ያስተማሩኝ የኔታ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የየኔታን ዓይን ሞራ እየጋረደው እንደሆነ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የቸኮልኩት። ዓይናቸው ፈጽሞ ሳይጠፋ ፊደላቸውን ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባ፣ ባነሩም ታፔላውም በእሳቸው እጅ ይጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ከመርሐቤቴ ቆላ ወፍራም መቃ አስመጥቼ ሄድኩና ሀሁን ከዳር እስከ ዳር እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው።

«የፊደል ገበታ የሕፃን ነው» አሉኝ። «ፊደል ብቻውን ምን ይሠራል? እኔ የምጽፈው ቃል ነው።»

ከዚያ በቃላቸው ከሚያውቁት የግዕዝ ጸሎት ገጽ በገጽ ጻፉልኝ። አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔም ወረቀቱን እየተቀበልኩ፣ እያንዳንዱን ፊደል ኮምፒውተር ላይ በማውስ ዙሪያውን እየሣልኩ ዓመት አለፈ። ሚስቴ «ዘንድሮም ሀሁ ላይ ነህ?» ትለኝ ነበር።

ጨረስኩ ባልኩ ሰሞን የየኔታ ደብር አዲስ ታፔላ አዘዘኝ። ከላይ የደብሩ ስም፣ ከታች «እንኳን ደህና መጣችሁ»። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ፤ «መጣ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ች» የለም። «ሽ»ም፣ «ኝ»ም፣ «ኽ»ም፣ «ዥ»ም፣ «ጅ»ም፣ «ጭ»ም የሉም። እነዚህ ሰባቱ የአማርኛ ናቸው፤ ግዕዝ ውስጥ አይገቡም። ቄስ ትምህርት ቤት የረገጠ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን በጸሎት ቃል ውስጥ የሚጎድል ነገር ይኖራል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ተመልሼ ስሄድ የኔታ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ያወቁኝ በድምፄ ነው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ለዚህ ነው እንዴ ከመሐል ሜዳ ድረስ የመጣኸው?» አሉ። «‹ተ› ላይ ቆብ ትደፋለህ፣ ‹ቸ› ይሆናል። ሌላውም እንደዚያው።»

«ደፋሁ የኔታ። ቆቡ ወፍራሙን ፊደል ከበደው፤ አንገቱን ሰበረው። የእርስዎን እጅ ነው የምፈልገው።»

እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ ስጠኝ» አሉ።

ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ዘርግቼ፣ ብርዑን ቀለም ነክሬ አስያዝኳቸው። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው የባሰብኝ። እንደ ድሮው ረጋ ብለው ጻፉ። ፊደሉ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ፤ ቆቡ ከራሱ ርቆ ብቻውን ቀረ፤ አንዳንዱም ወረቀቱን ስቶ ሰሌዳው ላይ ዋለ። ቃል ካልሆነ አልጽፍም ያሉት ሰው ሰባቱን ከነዝርዝራቸው፣ አርባ ዘጠኙንም ጻፉልኝ። ሲጨርሱ ፊታቸው በላብ ርሶ ነበር።

«አማረ?» አሉኝ።

«አምሯል የኔታ» አልኳቸው። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ደንበኛን «ነገ ይደርሳል» ማለት የሥራዬ ግማሽ ነው። ይህኛው ግን አፌ ውስጥ መረረኝ።

ቆቦቹን ራሴ ሣልኳቸው። አሳሳኋቸው፣ ወደ ጎን ሳብ አደረግኳቸው፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ታፔላው ሲሰቀል ሰው ሁሉ «ቁርጥ የየኔታ እጅ» አለ። አሁን የመድኃኒት ቤቱም፣ የሆቴሉም፣ የሐዘኑም ጽሑፍ በዚያው ፊደል ይወጣል። ሐዘን ደግሞ ያለ «ች» አይጻፍም፤ አባታችን፣ እናታችን። ከየኔታ ፊደሎች መካከል የትኞቹ የእኔ እንደሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በቀደም ልጠይቃቸው ሄጄ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«የሐዘን ጽሑፍም ትሠራለህ አሉ» አሉኝ።

«እሠራለሁ የኔታ።»

«የእኔ ቀን ሲደርስ በሌላ ፊደል እንዳትጽፈኝ። ‹አባታችን› ስትል ደግሞ ያን ቀን በጻፍኩልህ ‹ች› አድርገው። ከዚያ ወዲህ ብርዕ አልያዝኩም።»

«እሺ» አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁት። «ች»ን ፈልጌ አገኘኋት፤ ከ«ሽ» ጋር ተደራርባለች፣ የትኛው እግር የማን እንደሆነ አይለይም። ያን ባነር የሚያይ ዘመድ ሁሉ የሽማግሌውን ሐዘን አበላሸህ ይለኛል። እኔ ግን እሺ ብያለሁ።