አፈር የገደላቸው አበቦች

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሸቤ ወደ ጅማ ቡና ያመላልሳል። ከሸቤ ወዲያ ያለው ጫካ ለመንግሥት እርሻ ሲመነጠር፣ ለቡናው ጥላ የነበሩት ትልልቅ ዛፎች መንገድ ዳር ተጋድመው ይታዩ ነበር። አንድ ቀን ከወደቀ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ አመጣልኝ። ቅርንጫፉ ላይ ወፍራም ቅጠል ያላት፣ ሥሯን እንጨቱ ላይ እንደ ጣት የለጠፈች ተክል ነበረች። ኦርኪድ እንደምትባል የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያኔ የዛፍ አበባ ነበር የምንላት።

"ማገዶ ሊያደርጓት ነው፤ አሳዘነችኝ" አለኝ።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር የነበረችው ቤታችን ጓሮ ጥሩ ጥቁር አፈር ነበራት። የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አፈሩን ሞላሁ፣ ፍግ ጨመርኩበት፣ ተክሏን ከእንጨቷ ገንጥዬ ተከልኳትና ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣኋት። ብዙም ሳትቆይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ስነቅላት ሥሯ ጠቁሮ እጄ ላይ ተልፈሰፈሰ።

ተናደድኩ። እኔ የተከልኩት ነገር አይሞትም ብዬ ነበር የማምነው። በሌላ ቀን ከባለቤቴ ጋር መኪናው ላይ ወጥቼ ሸቤ ድረስ ሄድኩና፣ ዛፍ ላይ ያሉትን አንጋጥጬ ሳይ ዋልኩ። አንዷም አፈር ላይ የለችም። ሥራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዝናቡ ያረጥበዋል፣ ንፋሱ መልሶ ያደርቀዋል። በቃ፣ የሚፈልጉት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ በመጣ ቁጥር ከምንጣሮ የተረፉ ያመጣልኛል፤ እኔ በምን እንደምተክላቸው እሞክራለሁ። በመጀመሪያ ከሰፈራችን እንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ ለመንኩ። ሰጋቱራው ውሃ ይዞ አልለቅ አለ። ቀጥዬ ከቡና መፈልፈያ የተጣለ ገለባ አመጣሁ፤ እሱ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ግሎ ሻገተ። በመጨረሻ የደረቀ የዛፍ ቅርፊት በመጥረቢያ እየቆራረጥኩ፣ ከከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቀልኩት። የጣሳውን ቂጥ በምስማር በሳሳሁ፣ ከሥር የማሰሮ ገል ደረደርኩ፣ ከላይ ቅርፊቱንና ከሰሉን ሞላሁ። ሥሩን ሳላስጨንቅ በመሃል አስቀመጥኩ። ውሃ ሳፈስበት ከላይ ገብቶ በሥር ይወጣል። ሥሮቹ ጫፋቸው አረንጓዴ እያወጣ ቅርፊቱን አቅፈው ያዙ።

የሚያብቡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ነጫጭ ናቸው፣ ከዋክብት ይመስላሉ፤ ቀን ዝም ብለው ውለው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታቸው ግቢውን ይሞላዋል። አጥር የምንጋራቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በራቸው ላይ ይቀመጡና "ማሻአላህ፣ ልጄ፣ አበቦችሽ መጡልኝ" ይሉኝ ነበር።

መዘዝ ያመጣብኝም ይኸው ውበታቸው ነው። የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ቤቴ መጣ። ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፏል። በረንዳዬ ላይ የተንጠለጠሉትን ጣሳዎች አንድ በአንድ ተመለከተ።

"ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጣል። እነዚህ ለመድረኩ ይፈለጋሉ" አለ።

"ለበዓሉ ቀን ላውሳችሁ እችላለሁ" አልኩት።

"ማዋስ የሚባል ነገር የለም፣ ጓድ። አበባው ከሕዝብ ጫካ የመጣ ነው፤ ወደ ሕዝብ ይመለሳል።"

ጫካውን ማን እንደመነጠረው ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ ቀሚሴን ሳብ አደረገኝ። እነሱ ጣሳዎቹን እያወረዱ ሳለ ሊቀመንበሩ አንዱ ውስጥ ጣቱን ሰደደና ጥቁር ሆኖ ወጣለት።

"ይህ ምንድነው?"

"ከሰል ነው። ከዛፍ ቅርፊት ጋር። አደራ፣ እንዳትነኩት፤ አፈር ውስጥ ከገቡ ይሞታሉ።"

ሳቀ። "ለእንግዳ ከሰል ውስጥ የተተከለ አበባ እናሳይ? አፈር የሌለን እናስመስል? አፈር የሚገድለው ተክል አይቼ አላውቅም።"

በበዓሉ ቀን ሰልፍ ወጣሁ፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ስኳር አያገኝም። አበቦቼን ከሩቅ አየኋቸው። ጣሳዎቹ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ እስከ አፋቸው ጥቁር አፈር ተሞልተዋል፤ ቅጠሎቹ ሥር ድረስ ተቀብረዋል። እንግዳው ወደ አንዱ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ በጠራራ ፀሐይ ምንም እንደማይሸት እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ ጎኑ ቆሞ ቀበሌው እንዴት እንዳለማቸው ያስረዳዋል። አጨብጭቡ ተባልን፤ አጨበጨብን። እጄ እንዲያ ከብዶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ልወስዳቸው ሄድኩ። የቀበሌው ቢሮ ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል።

"የቀበሌው ንብረት ናቸው" አለኝ ጥበቃው፤ ትእዛዝ ስለሆነበት በቀን ሁለት ጊዜ በጆግ ያጠጣቸዋል።

ሊቀመንበሩን ገብቼ ለመንኩት። "እዚሁ ይቀመጡ፣ አልወስዳቸውም። ብቻ አፈሩን አውጥቼ እንደ ድሮው ልትከላቸው።"

"ማን አዘዘሽ?" አለኝ።

ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም። በዚያ ኮሪደር ባለፍኩ ቁጥር ቅጠሎቹ እየለሰለሱ፣ እየገረጡ ሲሄዱ አይ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ እጄ ጤነኛ ሆኖ፣ ቆሜ ማየት ብቻ። ቤት ገብቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሳደብ ሰው እንዳይሰማ ባለቤቴ መስኮቱን ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ቢሮ አስጠሩኝ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ አንዱን ጣሳ አስቀምጧል፤ ተክሉ ወደ ጎን ወድቋል።

"ከመስጠትሽ በፊት ምን አድርገሽባቸዋል?" አለኝ።

ነገሩ አልገባኝም። "ምን ላደርግ?"

"ቤትሽ ሳሉ አልታመሙም። እኛ ጋ ሲመጡ ታመሙ። ይህን አሻጥር ነው የምንለው።"

በዚያ ዘመን ይህቺ ቃል ሰው ከቤቱ አስወጥታ የት እንደምታደርሰው ሁላችንም እናውቃለን። መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም፤ ፍርሃቴን ንዴቴ ቀደመው። ጣሳውን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። እርጥብ አፈር ተዘረገፈ፤ የበሰበሰ ሥር ጠረኑ ክፍሉን ሞላው። ያንን የጠቆረ ሥር በሁለት ጣቴ ሳብኩት፤ ልጣጩ እጄ ላይ ቀረ።

"ይኸው! አፈር ነው የገደላቸው። እንዳትነኩት ብዬህ አልነበረም? ስቀህብኝ አልነበረም? ውሃ ያጠጣው የእናንተ ሰው፣ አፈር የሞላው የእናንተ ሰው፣ አሻጥረኛዋ እኔ?"

ጥበቃዎቹ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ሊቀመንበሩ ጭኑ ላይ የወደቀውን ጭቃ አራገፈ። ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ስለ አበባ አንዲት ሴት አሰረ መባሉን ፈርቶ ይሆናል።

"ቆሻሻሽን ሰብስቢና ከዚህ ጥፊ" አለኝ።

ሁሉንም በጆንያ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ባልቴቲቱ አጥሩን ዞረው መጡ። "ማሎ፣ ምነው ልጄ፣ ሞትን በእጅሽ ጠርተሽው ነበር እኮ! አላህ ነው ያወጣሽ" አሉኝና አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ በምላጭ የበሰበሰውን ሥር እቆርጣለሁ፣ ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት እነሰንሳለሁ፤ እሳቸው ጣሳዎቹን በአሸዋ እየፈተጉ ያጥባሉ። ቀዩ ቀለም አልለቅ ሲል እየተነጫነጩ በሞረድ ፋቁት። አዲስ ቅርፊት፣ አዲስ ከሰል። እንደገና ተከልኳቸው።

አብዛኞቹ አልዳኑም። ሥር ያላት ተክል ቅጠሏ ቢረግፍም ተስፋ አላት፤ እነዚህ ግን ሥር የሚባል አልቀረላቸውም ነበር። ሦስቱ ብቻ ከርመው ከረጅም ጊዜ በኋላ አዲስ ሥር አወጡ። ሊቀመንበሩ በዚያ በዓል ጥሩ ዝግጅት ተመስግኖ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። ያሳደግኋቸውን ገድሎ በእነሱ ሹመት አገኘ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የተረፉትን በረንዳ ላይ መልሼ አልሰቀልኳቸውም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከመንገድ የማይታየው አቮካዶ ላይ ወጥቼ በአሮጌ የናይሎን ካልሲ ግንዱ ላይ አሰርኳቸው፤ ቅርፊቱንም አየሩንም ከዛፉ ያገኛሉ። በሌላው ዓመት ከቀበሌ አበባ ፍለጋ ሲመጡ ቀን ነበርና ሽታ አልነበረም።

"አበባ የለኝም" አልኳቸው። "ከፈለጋችሁ ጓሮዬ ጥሩ አፈር አለ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ዛቁ።"

እርስ በርስ ተያይተው ሄዱ። እኔም በሩን ከኋላቸው በኃይል ዘጋሁት።