የገበያ ቀን ጥይቶች

ባለፈው ሳምንት የተበላሸ የውሃ ማሞቂያ ይዤ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ሄጄ ነበር። ሰውየው የአሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ ከፍቶ ይሠራል፤ ሲያበራው፣ ውስጡ ለዓመታት የተኛው አቧራ መጋል ጀመረና የተቃጠለ ፀጉርና የጋለ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ወጣ። «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ? አረፍ ይበሉ» አለኝ። ማሞቂያውን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። እስከ ዛሬ ተመልሼ አልወሰድኩትም።

ያ ሽታ የጋሽ ወልዴ ቤት ሽታ ነው። ጋሽ ወልዴ ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ የተመለሰ ወታደር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ የጌም ማሽን በአይሱዙ አስጭኖ ሆሳዕና ገባና ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ አቆመው። ማሽኑ ቁም ሣጥን ያክላል፤ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል፤ ከፊቱ ግን የሚያበራ መስኮት ነበረው፣ እኛ የኬሮሲን ፋኖስ ሽታ ለብሰን የምናጠና ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለ ብርሃን ከዚያ በፊት አላየንም። የክፍሉና የወፍጮው መብራት በአንድ መስመር ስለሚመጣ፣ ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ጠበብ ይልና ይደበዝዛል፣ ከዚያም ዓይን እስኪያም ድረስ በፍጥነት ይርገበገባል። በገበያ ቀን ወፍጮው አንዴ ከተነሳ ስለማያርፍ መርገብገቡም አያርፍም። እኛ ይህን የማሽኑ ጠባይ አድርገን ተቀበልነው።

ጨዋታው የአውሮፕላን ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከስክሪኑ ግርጌ ትቆማለች፤ ከላይ ጥይት ይወርድባታል። መጀመሪያ ጥይቱ ይቆጠራል፤ ቆይቶ አይቆጠርም። እንደ አበባ እየተከፈተ፣ እንደ መረብ እየተጣለ፣ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ ሰማዩን ይሞላዋል፣ ከዚያም መውጫ የሌለ ይመስላል። ዛሬ ሳስበው ልጅን የሚይዘው መግደሉ አልነበረም። ሞት እንዲህ አምሮ ሲመጣ ቆመህ ማየትህ፣ በመካከሉም ፀጉር የምታህል መንገድ እንዳለች ማመንህ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን ለማሽኑ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ዞሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ለምን እንደማያይ ስንጠይቀው፣ «ጥይት እንዲህ ቢታይማ ማን ይሞት ነበር» አለን።

እኔ ሦስተኛውን የጨዋታ ደረጃ፣ ስቴጅ የምንለውን፣ አልፌ አላውቅም። ጥይት ሲመጣ እሸሻለሁ፤ በዚያ ጨዋታ ደግሞ ከአንዱ ጥይት የሚሸሽ ሰው ሌላው ላይ ሄዶ ያርፋል። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ምሕረት አልነበራቸውም። «ማርቆስ፣ አውሮፕላን ነው የምትነዳው በሬ?» ይሉኛል። «ኧረ ተነስና ወንድምህ ይቀመጥ፤ ማሽኑን አታሳፍረው።»

ወንድሜ ደሳለኝ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፣ ሲናገር የማይቸኩል ልጅ ነበር፤ ሲጫወትም እንደዚያው ነው። እጁ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ክንፏን ጥይት ቢነካት አውሮፕላኗ እንደማትሞት፣ የምትሞተው መሃሏ ላይ ያለችው ነጥብ ስትመታ ብቻ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው የደረሰበት እሱ ነው። «ጥይቱን ተወው፤ ልቧን ብቻ ጠብቅ» ይለኛል። እኔም በእሱ እጅ ከተማው አይቶት የማያውቀውን አራተኛውን ስቴጅ አየሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አምስተኛው የመጨረሻው ነው ይባላል፤ መጨረሻውን ማየት ፈለግሁ። ራሴ መጫወት አልችልም። ማጫወት ግን እችል ነበር።

ደሳለኝ መጀመሪያ የወደቀው በገበያ ቀን ከጋሽ ወልዴ ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ነው። አገጩ ወደ ላይ ተነሳ፣ ግራ እጁ ደረቀ፣ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀ። ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም በገበያ ቀን ሆነ። ወላጆቼ የጸሎት ሰዎች ስለነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተጠሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መቼ መቼ እንደሚወድቅ ጠየቁ፤ እናቴ በገበያ ቀን እንደሆነ ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ነገሩ ከገበያው ነው» አሉ። «በቅቤው መደብ አጠገብሽ የሚቀመጡት እነማን ናቸው፣ የእኔ ልጅ?»

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ደሳለኝ ዕቃዋን ተሸክሞላት ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ገበያ እንዳይቀርብ ተወሰነ፤ በገበያ ቀን እኔ ቤት ልጠብቀው፣ እሷና አባቴ ብቻቸውን ሊሄዱ። እንዲህ አድርገው ሊያድኑት ብለው ለማሽኑ አስረከቡት። አባቴ ለበጎ ነው ብሎ የቤቱን ቁልፍ በእጄ ሰጠኝ። እነሱ ከኮረብታው ሲሰወሩ እኛ በጓሮው እንሰት መካከል እንወጣለን። ይህን ስጽፍ ልጅ ነበርኩ ብዬ ማምለጥ ይቻለኛል። ነገር ግን አውቅ ነበር። ወፍጮው በሚያርፍባቸው ቀናት ተጫውቶ አልወደቀም፤ እኔም ይህን ልብ ብዬ ነበር። ስክሪን ሲርገበገብ አንዳንድ ሰው እንደሚጥል ከመጽሐፍ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ መጽሐፉ የነገረኝ ምክንያቱን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም።

ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ነርሷ የጠየቀችው እናቴን ሳይሆን እኔን ነበር። «ከመውደቁ በፊት ምን ምን ሲያደርግ ነበር? አብረኸው አይደል የምትውለው?» አለችኝ። «ዝም ብሎ ሲሄድ ነው» አልኳት። ረዘም አድርጋ አየችኝና ኪኒን ሰጠችን፤ አንድም ቀን እንዳይዘለል ደጋግማ ነገረችን። ኪኒኑ ረዳው፣ ነገር ግን እንቅልፍ ያመጣበታል፤ እጁ ከበደ፣ ሁለተኛው ስቴጅ ላይ መሞት ጀመረ። ከኋላ የቆሙት ልጆች «ደሱም ማርቆስ ሆነ» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት፣ ኪኒኑን ከጨዋታው በኋላ ቢወስደው ለውጥ እንደማያመጣ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኪኒኑን ኪሱ ከተተው።

በዚያ ቀን እጁ ተመለሰለት። አራተኛውን አንድም ጊዜ ሳይሞት አለፈ። አምስተኛው ሲከፈት ከኋላችን ያሉት ልጆች መቀለዳቸውን ተዉ፤ አንዱ በቀስታ «አሁን ነው» አለ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ቦታ እየጠፋ ሄደ፣ ጥይቱ እንደ ግድግዳ ወረደ፣ የደሳለኝ አውሮፕላን ግን በመካከሉ እንደ ቆመች ነበረች። በዚህ መካከል ግድግዳው ማዶ ያን ቀን ዘግይቶ የጀመረው ወፍጮ ተነሳ። ብርሃኑ መርገብገብ ጀመረ። ፊቱን አየሁት። አገጩ ተነሳ፣ ግራ እጁ ደረቀ። በመካከላችን አንድ እርምጃ ነበር፤ ልይዘው የምችልበት ጊዜም ነበረኝ። አውሮፕላኗ ግን ገና አልሞተችም ነበርና እጄ ወደ እሱ አልሄደም፤ የማሽኑን መሪ ያዝኩ።

ጭንቅላቱ ማሽኑ የቆመበትን የሲሚንቶ ደረጃ ሲመታ ሰማሁት። እያየሁ የነበረው ስክሪኑን ነው። ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ፣ ከዚያ አውሮፕላኗ ተቃጠለች።

ልጆቹ «አትንኩት፣ ይይዛችኋል» እየተባባሉ ተበተኑ። ጋሽ ወልዴ ከመቀመጫው ተነስቶ መጣ፣ ካፖርቱን አውልቆ ከደሳለኝ ራስ ሥር አደረገለትና በጎኑ አዞረው። እጄ አሁንም መሪው ላይ እንደነበር ያወቅሁት እሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው። አልጮኸብኝም። «ና፣ ወንድምህን ያዝ» አለኝ።

ደሳለኝ የነቃው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። አንደበቱ ተሳስሮ «አለፍነው?» አለኝ። አዎ፣ ጨረስከው አልኩት። መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ እኔም ጥይቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆሞ እንደ ዝናብ ረገፈ፣ አውሮፕላኗም እንደ ቦዮ ያለ ሐይቅ ዳር ወረደች፣ ወፎችም ነበሩ ብዬ ፈጠርኩለት። ፈገግ ብሎ ተኛ።

ግራ እጁ ከዚያ ወዲህ አልታዘዘውም፤ ቃል ፍለጋም ሩቅ ይሄዳል። ትምህርቱን አቆመ። ለአባቴ የአናጢነት ሥራ ሌላ እጅ ስለጠፋ እኔም ከዘጠነኛ ክፍል ወጣሁ፤ ያወቅሁትን ሁሉ ከዚያ በኋላ ብቻዬን አነበብኩ። ጋሽ ወልዴ ማሽኑን ለአንድ የሀደሮ ከተማ ሰው ሸጠው ይባላል። እናቴ ጦሱ የመጣው በእኔ ንግድ ነው ብላ የቅቤ መደቧን ለዘላለም ተወች፤ በገበያ ቀን በሯን ዘግታ መቀመጥ ልማዷ ሆነ፣ ያንኑ እንዳመነችም ሞተች። አጠገቧ ይነግዱ የነበሩት ሴቶች ለቀብሯ ሲመጡ ሰላምታ የነፈጓቸው ዘመዶች ነበሩ። እነዚያ ሴቶች ምንም አላደረጉም። ይህን የማውቅ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ይህ ሁሉ የጠፋው እኔ ለሦስት እስትንፋስ ያህል ስክሪን እንዳይ ነው።

ዛሬ ደሳለኝ ከእኔ ጋር ይኖራል። ልጆቼን የስልክ ጌም አላስነካም፤ ምክንያቱን ስለማልነግራቸው ክፉ አባት ነኝ ብለው ያስባሉ፣ ያስቡ። እሱ ግን በዝግታ ታሪኩን ያወራላቸዋል፤ ሐይቁን፣ ወፎቹን፣ የረገፈውን ጥይት። ከእኔ አሳምሮ ነው የሚነግራቸው። በቀደም ትልቋ ልጄ ታሪኩ አልዋጥ ብሏት ወደ እኔ ዞረች። «አባ፣ አጎቴ እውነቱን ነው? አንተ አይተሃል?» አለችኝ። ልጆቼ ሲዋሹ ካገኘኋቸው እራት ነሥቼ የማስተኛ ሰው ነኝ። ደሳለኝ በቀኝ እጁ ግራውን ደግፎ ያየኝ ነበር።

«አይቻለሁ» አልኳት። «ሐይቁ ዳር ነው የወረደችው።»

«አየሽ?» አላት።