ፕሮቲኑ ለሴሎቹ የሚላቸው

አባቴ አንኮበር አጠገብ ባለች ትንሽ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ለሕክምና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አባቴ እንጨት ሲፈልጡ ምሳር እግራቸውን እንደመታቸው የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ቁስሉን በጨርቅ ጠምጥመው ቅዳሴ ሲቆሙ ሰንብተዋል።

ታላቅ ወንድሜ በሚኒባስ ሆስፒታል ይዟቸው ሲመጣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። እኔን ከሟች እናቴ ጋር አምታተው፣ “ከብቶቹ ገቡ?” አሉኝ።

ተረኛዋ ሐኪም የቀድሞ ተማሪዬ ናት። “መምህር፣ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቷል” አለችኝ። ጉሉኮስ፣ ኦክስጅን፣ አንቲባዮቲክ፣ ሁሉንም ወዲያው ጀመረችላቸው። ከሰዓት በኋላ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ጠቆረ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። የዚህን ትርጉም ራሴ ነበርኩ ያስተማርኳት።

ደማችን ውስጥ ፕሮቲን ሲ የሚባል አለ። ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ ይቆጣጠራል። ይህንን ተማሪው ሁሉ ይሸመድደዋል። እኔ ደስ እያለኝ የማስተምረው ግን ሌላውን ሥራውን ነው፤ የደም ሥሮቻችንን ውስጠኛ ገጽ ለሚያለብሱት ሴሎች መልእክት ያደርሳል፣ ሴሎቹም ይረጋጋሉ፣ ተያይዘው ይቆያሉ፣ ቶሎ አይሞቱም። ከባድ ኢንፌክሽን ሲመጣ ይህ ፕሮቲን ያልቃል። ትንንሾቹ ሥሮች ውስጥ ደሙ ይረጋል፤ ሴሎቹም መልእክቱ ይቀርባቸዋል። ክፍል ውስጥ ይህን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ነበር የምስለው።

በማግስቱ አባቴ ትንሽ ነቃ አሉ።

“ጣቴን ምን ነካው?”

የማውቀውን በቀላሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

“ለሴሎቹ ምን ይላቸዋል?”

“አይዟችሁ፣ ተያይዛችሁ ቁሙ ይላቸዋል፣ አባባ።”

“አሁንስ?”

“አሁን እሱ ራሱ አለቀ።”

“ታዲያ አንቺ አትነግሪያቸውም?”

እየቀለዱ አልነበረም። እጃቸውን ይዤ ማሻሸት ጀመርኩ፤ እንደማይጠቅም እያወቅሁ።

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። “መድኃኒት የለውም? ከውጭም ቢሆን እናስመጣ።”

“ከዚሁ ፕሮቲን የተሠራ ነበረ። የታመመ ሰው እንደታሰበው አላተረፈም ተብሎ ከገበያ ወጣ።”

“ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ታዲያ ለመቼ ነው?” አለና ወደ ግቢው ወጣ። አልተከተልኩትም። ብከተለውስ ምን እለዋለሁ? ባላውቅ ኖሮ እንደ እሱ እቆጣ ነበር። ማወቄ የጨመረልኝ ቢኖር የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ቀድሜ መጠበቅ ብቻ ነው።

አባቴ ተረፉ። አንቲባዮቲኩ ይሁን ጸሎታቸው ይሁን፣ በስድስተኛው ቀን ሾርባ ጠየቁ። ሦስቱ ጣቶቻቸው ግን ተቆረጡ። ሐኪሟ ይህን እየተሳቀቀች ስትነግረኝ፣ “ጥፋትሽ አይደለም” አልኳት፤ ለራሴም ይህንኑ የሚለኝ ሰው ብፈልግም አላገኘሁም።

ከወራት በኋላ አንኮበር ሄድኩ። አባቴ መቅደስ መግባት ትተዋል፤ ጣት ጎድሎ አይቀደስም ብሎ ማን ከልክሏቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለክርስትና ድግስ ተጠርተው ጥምጥማቸውን ሊጠመጥሙ ታገሉ። ነጩ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። ተነሣሁ።

“ተይ፣ እኔው ልሞክር” አሉ።

ተመልሼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።