የእማዬ ጋሪ ጎማ

ሰሞኑን የልጄ ባል መኪና ጎማ ተንፍሶበት፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ ጎሚስታ ቤት ቆመን ነበር። ጎሚስታው ቀዳዳውን አገኘና ማስቲሽ ከመቀባቱ በፊት ዙሪያውን በሞረድ ይፈገፍገው ጀመር። የተፋቀ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ልቤ ካደግኩበት ሰፈር፣ ከእሪ በከንቱ ደረሰች።

ልጅ ሳለሁ እንደዛሬው ቧንቧ በየቤቱ አልነበረም። የኛ ሰፈር ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ካለው ቦኖ ነው። እማዬ ቆርቆሮውን እያዘለች ስትመላለስ ወገቧ ተጎዳ። አባዬ ታዲያ ከአሮጌ ሳንቃና እንደ ጎማ ከሚሽከረከር አራት የብረት ኩሽኔታ ጋሪ ሠራላት። ባዶው ኩሽኔታ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ጩኸቱ ለጉድ ነበር! ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገና ከሩቅ ሲሰሙት፣ "የአበበች ባቡር መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!" እያሉ ይስቁባት ነበር።

በበጋ እኛ ልጆች በየቤታችን ጋሪ ቁልቁል እንሽቀዳደማለን። በጥምቀት ማግስት ከታች ሰፈር ልጆች ጋር የሚገጥሙት ፈጣኖቹ ጋሪዎች ብቻ ስለሆኑ አስቀድሞ ማጣሪያ አለ። ዳኛው የቦኖው ጠባቂ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ጋሪ ሲለቀቅ ጮክ ብለው እስከ ሃምሳ ይቆጥራሉ፤ ቆጥረው ሳይጨርሱ ታች ካለው ግንብ የደረሰ አለፈ ማለት ነው። ክፋቱ ቦኖው አጠገብ ያለው መታጠፊያ ነው። እዚያ የሳተ በቀጥታ ከሥር ወዳለው ወንዝ ነው የሚወርደው።

እማዬን ጋሪዋን ለማጣሪያው ሳስፈቅዳት፣ "ሂድ፣ ግን ጋሪዬን እንዳለች መልስልኝ። ከእንግዲህ በጀርባዬ አልችልም" አለችኝ።

ኩሽኔታው በድንጋይ ብዛት መሰንጠቅ ስለጀመረ ጎማ ካልለበሰ እንደማይቆይ አባዬ ነግሮኝ ነበር። ደግነቱ የጓደኛዬ የሙዘይን አባት ከመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሠሩ ነበርና ቁርጥራጩ የኛ ነው። ሁለት ዓይነት አዘጋጀን። አንዱ ከውጭኛው ጎማ የተቆረጠ ደረቅ ነው፤ ዓመት ቢሄዱበት አያልቅም። ሌላው ከውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ እንደ ቀለበት የተቆረጠ ለስላሳ ነው፤ መሬት ጨብጦ ይይዛል፣ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወረደበት ተበልቶ ያልቃል። ለስላሳውን ላዩን በሞረድ ፍቀን፣ ላምባ በነካ ጨርቅ ጠርገን፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሞቅነው። ሙዘይን በጣቱ እየነካካ፣ "ይሄ ጎማ አይደለም፣ ሙጫ ነው" ይል ነበር።

እኔ ግን የእማዬ ጋሪ ትበርታ ብዬ ደረቁን በማስቲሽ አጣብቄ፣ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት።

የማጣሪያው ዕለት ጠዋት፣ ሴቶቹ ሲመላለሱ ያንጠባጠቡት ውሃ አፈሩን አርሶ ጎማ እንዲይዝ አድርጎት ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ልጆች መታጠፊያውን እንደ ዋዛ አለፉት። የኛ ዕጣ የወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተራችን እስኪደርስ ፀሐይዋ ከረረች፤ መሬቱ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ወለል ያብለጨልጭ ጀመር። ከኛ በፊት የወረደው ደረጀ መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ወጣ። እሱ ቁጥቋጦ ይዞ ተረፈ፣ ጋሪው ግን ወንዝ ገብታ ተበታተነች።

"ደሬ፣ ዓሣ አለ?" እያሉ ልጆቹ አላገጡበት። እኔ አልሳቅኩም።

"አንተ፣ ለስላሳውን እንሰር! በዚህ ደረቅ ከወረድን እኛም ዓሣ ልናጠምድ ነው" አለ ሙዘይን።

"ደረቁ እኮ ካልተቆረጠ አይወጣም። ለስላሳው ደግሞ ዛሬውኑ ቢያልቅ እማዬ ነገ በምን ትቀዳለች?"

ለካ እማዬ ቦኖው ሰልፍ ላይ ሆና ስታየን ኖሯል። ወረፋዋን ጥላ ወደኛ ወጣች። የምትቆጣኝ መስሎኝ አቀረቀርኩ። እሷ ግን ጎማውን ዳሰሰች፣ ዞር ብላ መታጠፊያውን አየች፣ ከዚያ የሙዘይንን ሴንጢ ተቀብላ እጄ ላይ አኖረችው።

"ቁረጠው። ጎማ ይተካል። አንተን በምን እተካሃለሁ?"

"ውሃውስ?"

"ውሃው የኔ ጣጣ ነው። ቁረጥ አልኩህ!"

ቆረጥኩት። ለስላሳውን ወጥረን አለበስንና ወረድን፤ እኔ ገመዱን ይዤ፣ ሙዘይን ከኋላዬ ወገቤን አንቆ። የጋሽ ተክሌ ቆጠራ ከኋላችን እየራቀ ይሰማኛል። መታጠፊያው ላይ ገመዱን ስስበው ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎማው ሲጢጥ አለና መሬቱን ነከሰ። ዓይኔን ስገልጥ ግንቡ ከፊቴ ነው፤ ጋሽ ተክሌ ገና አልጨረሱም። አለፍን!

እማዬ እየሮጠች ወርዳ በመጀመሪያ እኔን ጉልበቴንና ክርኔን አገላብጣ አየች። ጋሪዋን ያየቻት ከዚያ በኋላ ነው። ጎማው ተፋፍቆ ሳስቷል፣ ሳንቃው ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። "ተመስገን" ብላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ስትተነፍስ እስከዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ቦኖው ጋ ውሃዋን ቀድታ፣ ቆርቆሮዋን ጭነን በዚያው በሳሳ ጎማ፣ ያለ ኮሽታ፣ ሽቅብ ገፋናት። እትዬ አስካለ ከበራቸው ላይ፣ "አበበች፣ ባቡርሽን ምን ዋጠው?" ቢሉ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ የሙዘይን አባት ሌላ ደረቅ ጎማ አለበሱላት፤ እማዬም በጀርባዋ ሳትሸከም ቀረች። በጥምቀት ማግስት የታች ሰፈር ልጆች አሸነፉን፤ እሱን እንኳ ተዉት።

ዛሬ ያ ቁልቁለት አስፋልት ለብሷል። ቦኖውም የለም። ልጄ ውሃ የምትቀዳው ከጓዳዋ ቧንቧ ነው፤ ውሃ በማዘል የተጎዳውን የአያቷን ወገብ አላየችም። ደግ ነው፣ አልቆጭም። የሚናፍቀኝ ያ የእማዬ ትንፋሽ ነው።

ጎሚስታው ጥገናውን ጨርሶ ሌሎቹን ጎማዎች በእጁ ዳሰሳቸው። "አባባ፣ የፊተኞቹ ልሙጥ ሆነዋል፤ አስፋልት እርጥብ ሲሆን አይዙም" አለኝ። የልጄ ባል ራሱን አከከና፣ "እስከ ፋሲካ አያደርሱኝም?" አለ።

"ቀይራቸው ልጄ፣ ጎማ ይተካል" አልኩት። ቀሪውን የእማዬን ቃል ግን አልጨረስኩትም፤ እሱ ራሱ ዓይን ዓይኔን አየኝና ክሪኩን ሊያወጣ ሄደ።

አዲስ ጎማ አስገጥመን ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። በዚያው በልጅነቴ ቁልቁለት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ፣ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናዋ መሬቷን ይዛ ቀስ ብላ ዞረች። እኔም እንደ እማዬ "ተመስገን" ብዬ ተነፈስኩ።