መብራት የማይበራባት ክፍል

ዓረብ አገር፣ ሱለይማኒያ የሚባል ሰፈር እሠራበት የነበረው ቤት ፎቁ ላይ የሴቶች ክፍል ነበረችው። መስኮቷ አይከፈትም፤ ከላይ እስከ ታች በተፈለፈለ እንጨት ተሸፍኗል። ከውስጥ ሆነሽ መንገዱን ታያለሽ፣ አንቺን ግን ማንም አያይሽም። ማዳም ገና የገባሁ ዕለት ነው ያስጠነቀቀችኝ፦ ከመሸ እዚያ መብራት አይበራም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በሾፌሩ ወሬ ነው። ሽማግሌ ህንዳዊ ነው። ሾፌርና የቤት ሠራተኛ አብረው ስለማይቀመጡ፣ እሱ ግቢ ቆሞ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ፣ በመስኮቱ የወንፊት ሽቦ በኩል በተሰባበረ ዓረብኛችን እናወጋለን። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ «ቢንቲ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው።

«በእኛ ከተማ ሮዝ ቀለም ያለው የጥንት ቤተ መንግሥት አለ» አለኝ አንድ ቀን። «ፊቱ ሁሉ መስኮት ነው፣ የንብ ቀፎ በይው። የንጉሡ ሴቶች ከኋላው ተቀምጠው ሰልፉን፣ ገበያውን ያያሉ። እነሱን ያየ የለም።»

«መብራት ቢያበሩስ?»

«ጥላቸው ይታያላ! የሚሸፍናቸው ግንቡ መሰለሽ? ጨለማው ነው።»

«እህታቸው በዚያ ብታልፍስ? እንዴት ይጠሯታል?»

ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ! የንጉሥ ሚስት መንገደኛ ትጠራለች?»

እኔ ግን በከንቱ አልጠየቅሁም። ታናሽ እህቴ ከአሠሪዎቿ ጠፍታ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ጀራዲያ ሰፈር ከአገር ልጆች ጋር ተዳብላ ትኖር ነበር። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2013 ማለቂያ ላይ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሁሉ የሚታፈስበት። እኛ ሰፈር ቤት ስታጸዳ ውላ ስትመለስ በሴቶቹ ክፍል መስኮት ሥር እንድታልፍ ለምኛት ነበር። ስልኬን የምትይዘው ማዳም ናት፤ የምትሰጠኝ አርብ አርብ ብቻ። ሴቱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ እንኳ እህቴን በአረማመዷ እለያታለሁ፤ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች።

አንድ ቀን መሸት ሲል፣ የመግሪብ አዛን እንዳለቀ፣ እዚያ መስኮት ጋ ቆሜ ሳይ የሹርጣ መኪና ከመንገዱ መታጠፊያ ጀርባ ቆመ። ፖሊሶቹ አላፊ አግዳሚውን ወረቀት ይጠይቃሉ። በወዲያ በኩል እሷ መጣች፣ ቢጫ ፌስታል አንጠልጥላ። ከመታጠፊያው ግድግዳ የተነሳ መኪናው አይታያትም። እንጨቱን በመዳፌ ደበደብሁ። ማን ይስማኝ!

መብራቱን አበራሁት። አጠፋሁት። ደግሜ አበራሁና መስኮቱ ፊት ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ቆመች። ቀና አለች። እዚያ ክፍል መብራት እንደማይበራ ነግሬያታለሁ። ነገር የረሳች መስላ፣ ሳትሮጥ፣ ወደ መጣችበት ዞረች።

«ማነው ያበራው?» ማዳም ከኋላዬ ደረሰች። «የመንገዱ ወንድ ሁሉ ቤቴን ይየው?»

«ረሳሁት፣ ማዳም።»

ራሷ አጠፋችው። በእንጨቱ ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች፤ መኪናውንም ሳታይ አልቀረችም። «ኸላስ፣ ውረጂ። አርብ ስልክ የለሽም።»

እስከ አርብ እህል በአፌ አልዞር አለ። ስትዞር አየሁ እንጂ አመለጠች የሚለኝ ሰው የለም። አርብ ሾፌሩ ዳቦ ይዞ ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ በእናትህ» ብዬ ቁጥሯን በቃሌ ነገርሁት። ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገና ስልኩን ሽቦው ላይ ለጠፈልኝ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«አቤት?»

«እኔ ነኝ!»

«ውይ፣ እትዬ! ክንፍሽን ዘርግተሽ ቁራ መስለሽ ነበር እኮ!»

ሽቦው ላይ ግንባሬን ደግፌ አለቀስሁ። በዚያ መንገድ ዳግመኛ እንዳታልፍ ያስማልኋትም እኔው ነኝ።