ኤተልካ የፈራችው ወረቀት

ኤተልካ አይጥ በእጇ የምትይዝ ሴት ናት። ሃንጋሪ ውስጥ ቲሳ ወንዝ ዳር እኔ በምመራው መዋዕለ ሕፃናት አሥራ አንድ ዓመት በሞግዚትነት ስትሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው ስትፈራ ያየኋት፤ በየመስከረሙ የምትመጣውን የንግግር መምህርት፣ ኖኤሚን። ኖኤሚ አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች አንድ በአንድ አስቀምጣ የሥዕሎችን ስም በፍጥነት ታስጠራለች፣ ቃል በጭብጨባ ታስከፋፍላለች። ነገ ንባብ ሊከብደው የሚችለውን ልጅ ከወዲሁ ለይታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በጨዋታ ታስተምረዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለኤተልካ ግን እንዲህ አልነበረም። እሷን በስድስት ዓመቷ እንዲሁ ሥዕል አሳይተው፣ "ይቺ አትረባም" ብለው ሩቅ አገር ልዩ ትምህርት ቤት ላኳት፤ እናቷን የምታየው ለገና ብቻ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የልጇ የቪልማ ሆነ።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የፈተናውን የሥዕል ወረቀት ከመዋዕለ ሕፃናቱ ቁም ሳጥን አውጥታ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጅቷን ከላይ ወደ ታች በተራ አስሸመደደቻት! ያወቅነው በፈተናው ዕለት ነው። ኖኤሚ ከታች ጀመረች። ጣቷን የደወሉ ሥዕል ላይ ስታደርግ ቪልማ "ዓሣ!" አለች፤ ጃንጥላው ላይ "ቀበሮ!" እንዲህ እያለች ሳትተነፍስ ዘለቀችው።

"ማን አስተማረሽ የኔ ቆንጆ?"

"እማዬ። ከተሳሳትኩ ይወስዱኛል።"

ኤተልካ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ደሜ ፈላ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ልጅቷ እርዳታ ያስፈልጋት አያስፈልጋት አሁን በምን እንወቅ?"

"እትዬ ማግዲ፣ በእናትዎ፣ አልፋለች ብለው ያስጽፉልኝ።"

ኖኤሚ ኤተልካ የሞላችውን ቅጽ አወጣች። "ልጅሽ ትሰማለች ወይ ለሚለው 'አይ' ላይ ምልክት አድርገሻል። ትራመዳለች ወይ ለሚለውም 'አይ'። ከላይ እስከ ታች 'አይ' ነው። ኤተልካ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ 'ከቤተሰብ ማንበብ የሚቸግረው አለ ወይ?' ነው የሚለው።"

ኤተልካ ገብታ ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ብትናገር ልጇን የሚነጥቋት መሰላት፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ እንደ እሷ ልትቀር ነው። እኔም ፈራሁላት።

"እኔ አለሁ" አለች በመጨረሻ። "ፊደል አላውቅም።"

ያፈርኩት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ሕፃናቱ ገና ስለማያነቡ፣ የየልጁ ኮት መስቀያና ፎጣ ላይ ያለው ስም ሳይሆን ሥዕል ነው፤ የአንዱ ዳክዬ፣ የአንዱ እንጉዳይ። ኤተልካ አሥራ አንድ ዓመት በእነዚያ ሥዕሎች እየተመራች ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ ማስታወሻ እየለጠፍኩላት፣ ሳትፈጽመው ስትቀር "ሰነፍ!" እያልኩ ስጮህባት ኖሬአለሁ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ቪልማ በሌላ ሥዕል ተፈትና ከሚታገዙት መካከል ገባች። ኖኤሚ "ማንም አይወስዳትም፣ እዚሁ ናት" ብላ ለኤተልካ ደጋግማ ማለችላት።

ሰኞ የቪልማ የመጀመሪያ ትምህርት ሲጀመር፣ ኤተልካ ከክፍሉ በር ውጭ ያለውን ኮሪደር ሦስቴ ወለወለችው።

"ተይው እንግዲህ፣ አብረቀረቀ እኮ" አልኳት።

"እርስዎ ይሂዱ፣ እትዬ ማግዲ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። "እኔንም እዚሁ ነሽ ብለውኝ ነበር።"