አንድ ጉንጭ ውሃ

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት የኔታ ውባንተ መተማ ላይ፣ ከኩመር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዘጠኝ ሕፃናትን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። የሚበሉት ማሽላም ከነዚሁ ልጆች ቤት ነበር የሚመጣው።

አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ የማርያም መቀነት ስትወጣ፣ አገኘሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ «የኔታ፣ ዝናብ በሌለ ጊዜ የት ትውላለች?» አለቻቸው። ሌላ መምህር ቢሆን አለንጋውን ያነሳ ነበር። እሳቸው ግን መልሱን አያውቁትም፤ አለማወቃቸውም ሲከነክናቸው አደረ።

በማግሥቱ ማለዳ በልብስ ሰፊው በአብዱልሀኪም ደጅ ሲያልፉ፣ ሰውዬው እንደ ልማዱ ውሃ ጎርሶ፣ ካውያ ሊያሳርፍበት ባዘጋጀው ጀላቢያ ላይ እፍፍ! አለ። ከብናኙ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብልጭ! የኔታ ዘለሉ።

«ድገመው!»

«ያ ሰላም! የኔታ፣ ልብሱ እኮ ራሰ!»

ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዛቸው! ልጆቹን ጀርባቸውን ለፀሐይ አሰጥተው፣ ጉንጫቸውን ውሃ አስሞልተው «በሉ እፍ!» ይላሉ። ግማሾቹ በሳቅ ውሃውን ይውጡታል። መቀነቷ ጥላ ሲረዝም እንጂ ሲያጥር እንደማትታይም ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት።

ወሬው ግን ቤት ገባ። የአገኘሽ እናት አሰበች ሌሎቹን ወላጆች አስከትላ በቀትር መጣች።

«የእመቤታችንን መቀነት ከምራቅ ጋር ያስተፏቸዋል አሉ! ልጆቻችንን ልንወስድ ነው።»

«ቆዪ፣ አይተሽ ፍረጂ» አሉ የኔታ፤ ውሃ ጎርሰውም እፍ አሉ። ምንም የለ። ደገሙ። ጢማቸው ብቻ ራሰ። ሰው አሽካካ፤ አሰበችም የልጇን እጅ ያዘች።

አገኘሽ እግሯን ተክላ «የኔታ፣ ጥላዎ የት አለ?» አለች።

አቀርቅረው አዩ፤ ጥላቸው ከእግራቸው ሥር ተሸጉጧል። ደንግጠው ረስተውታል! ሳቃቸው መጣ።

«አየሽ አሰበች፣ ልጅሽ አረመችኝ! ጥላ እስኪረዝም ተቀመጡ።»

ገሚሱ ለማየት፣ ገሚሱ ለማላገጥ ተቀመጠ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም አገኘሽ ለእናቷ ውሃ የሞላ ቅል ሰጠቻት። «እማ፣ ጀርባሽን ለፀሐይ!» አሰበች እየፈራች እፍ አለች። መቀነቷ ከፊቷ ብቅ ብላ ጠፋች።

«ውይ!» ደግማ ጎረሰች። ደግማ።

«ከአፍሽ አይደለም የወጣችው» አሏት የኔታ። «ከብርሃኑ ነው። ውሃው ገለጠልሽ እንጂ።»

በማግሥቱ አሰበች ልጇን በአንድ እጇ፣ ቅል ሙሉ ውሃ በሌላው ይዛ ማልዳ ከተፍ አለች። «ለትምህርቱ ነው» አለች፤ ቀድማ የጎረሰችው ግን ራሷ ነበረች።